«ኦፕን ሶሻል ሴኩሪቲ»፦ ከድሬዳዋ ሆነን ባልና ሚስት የጡረታ ጊዜያችንን ያሰላንበት መሣሪያ

ከአሜሪካ ተመልሰው ድሬዳዋ የሚኖሩ ሰዎች ሲገናኙ፣ ስለ ጤናና ስለ ልጆች ተጠያይቀው ሲያበቁ፣ ወሬው ሶሻል ሴኩሪቲ በሚባለው የአሜሪካ መንግሥት ጡረታ ላይ ማረፉ አይቀርም፤ «ሶሻል ሴኩሪቲውን ጀመርክ ወይስ ትጠብቃለህ?» ከዚራ ሰፈር የሚሰጠው ምክርና ሳቢያን ሰፈር የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፤ «62 እንደሞላህ ውሰድ፤ ነገን ማን አይቶ!» 62 አበሉን መጠየቅ የሚቻልበት የመጀመሪያው ዕድሜ ነው፤ ይህ ምክር ብቻውን ለሚኖር ሰው አንዳንድ ጊዜ ያስኬዳል። ለባለትዳር ግን፣ በተለይ ባል ብዙ ዓመት ሠርቶ ሚስት ልጅ ስታሳድግ ለቆየችበት ቤት፣ ሚስቲቱን የሚጎዳ ምክር ነው። ይህን በቁጥር ቁልጭ አድርጎ ያሳየኝ ኦፕን ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባል ነፃ የኢንተርኔት ማስሊያ ነው። ለሌሎችም ይጠቅማል ብዬ ስላመንኩ ጥሩውንም የጎደለውንም እጽፋለሁ።

መሣሪያውን ያዘጋጀው ማይክ ፓይፐር የሚባል አሜሪካዊ የሒሳብ አያያዝ ባለሙያ (አካውንታንት) ነው። ገንዘብ አይጠየቅበትም። ስም፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ወይም የኢሜይል አድራሻ አይፈልግም። ስለ ጡረታ ገንዘብ የሚያወሩ ብዙ ድረ ገጾች ከሁሉ በፊት ስልክ ቁጥር በሚጠይቁበት ዘመን ይህ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። ባለትዳር መሆናችሁን ትመርጣላችሁ፤ የሁለታችሁን ፆታና የልደት ቀን፣ እንዲሁም ሙሉ የጡረታ ዕድሜያችሁ (አበሉ ሳይቀነስ የሚከፈልበት ዕድሜ) ላይ ብትጠይቁ የሚከፈላችሁን የወር አበል ታስገባላችሁ። ከዚያ «እርሱ በዚህ ዕድሜ፣ እርስዋ በዚህ ዕድሜ ቢያመለክቱ ይሻላል» የሚል መልስ ይሰጣል። ገጹ ከባድ አይደለም፤ ኔትወርክ በሚያዛግምበት ምሽት እንኳ በስልክ ከፍተን ሠርተንበታል።

የልደት ቀን የሚለው ጥያቄ ለሌላው ሰው ቀላል ነው። የእኛ አገር ሰው ግን እዚህ ላይ ቆም ማለት አለበት። ባለቤቴ በ1954 ዓ.ም. ሐረር ተወለደ፤ ቀኑን በትክክል የጻፈለት ሰው አልነበረም። በጅቡቲ በኩል ወጥቶ በስደተኝነት ሲመዘገብ ወረቀቱ ላይ የሰፈረለት ልደት ጃንዋሪ 1 ቀን 1962 ነው። እንደ እርሱ ጃንዋሪ 1 የተወለዱ ሐበሾች ስንት እንደሆኑ በውጭ የኖረ ሁሉ ያውቃል። የሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት የሚያውቀው በመዝገቡ ያለውን ቀን ስለሆነ ማስሊያው ላይም መግባት ያለበት ያው ነው። ሌላም ነገር አለ፦ ሕጉ ሰው ዕድሜውን የሚሞላው ከልደቱ በፊት ባለው ቀን ነው ብሎ ይቆጥራል። በዚህ ምክንያት ጃንዋሪ 1 የተወለደ ሰው ሙሉ የጡረታ ዕድሜው የሚታየው በቀደመው ዓመት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 እና ከዚያ በኋላ የተወለደ ሰው ሙሉ ዕድሜው 67 ነው፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 1960 የተባለው ግን እንደ 1959 ተወላጅ ተቆጥሮ 66 ዓመት ከ10 ወር ይሆናል። የሁለት ወር ልዩነት ናት፤ ለባለመብቱ ግን ገንዘብ ናት።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ሙሉ ዕድሜ ላይ የሚከፈለው አበል፣ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚፈልግ ነው። ይህ ቁጥር የተሳሳተ ከገባ መልሱ በሙሉ የተሳሳተ ይሆናል። ቁጥሩ የሚገኘው የሶሻል ሴኩሪቲ አስተዳደር ራሱ ካዘጋጀው የግል መዝገብ ነው። ወደ መዝገቡ ለመግባት ሁለተኛ ማረጋገጫ ቁጥር ይጠየቃል፤ በአሜሪካ ስልክ የሚመጣውን መልእክት እዚህ ሆኖ መጠበቅ ስለሚያስቸግር፣ ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ በራሱ የሚያመነጭ መተግበሪያ ከመመለሳችሁ በፊት ብትጭኑ ጥሩ ነው። መዝገቡ የሚያሳየው ግምት ጡረታ እስክትጠይቁ ድረስ ባለፈው ደመወዛችሁ መሥራታችሁን እንደምትቀጥሉ አድርጎ የተሰላ ነው። ሥራ አቁማችሁ አገር ቤት ከገባችሁ ይህ ግምት ከእውነተኛው ሊበልጥ ይችላል። «የወደፊት ገቢ» የሚለው ቦታ ላይ ዜሮ ስትጽፉ ትክክለኛው ይወጣል። አበሉ የሚሰላው ከፍተኛ ገቢ በተገኘባቸው 35 ዓመታት ስለሆነ፣ ጎልምሰን ለሄድን ሰዎች ከእነዚህ ዓመታት ጥቂቶቹ ባዶ መሆናቸው የተለመደ ነው። እኔ አራት ልጆች ያሳደግኩባቸው ዓመታት መዝገቤ ላይ ዜሮ ሆነው ተደርድረዋል። ሥራ ፈትቼ የተቀመጥኩባቸው ዓመታት አልነበሩም፤ ሕጉ ግን የሚያውቀው ቀረጥ የተከፈለበትን ብቻ ነው።

አሁን ወደ እኛ ቤት ሒሳብ ልግባ። ቁጥሮቹን ለማንበብ እንዲቀሉ ጥቂት አጠጋግቻቸዋለሁ። የባለቤቴ አበል በሙሉ ዕድሜው በወር 2,200 ዶላር ነው። የእኔ 800። እርሱ 64 ሞልቶታል፤ እኔ ዘንድሮ 62 ሞላኝ። የአሜሪካ ሕግ የትዳር አጋር የሌላውን ሙሉ አበል እስከ ግማሽ ድረስ እንዲያገኝ ይፈቅዳል፤ የ2,200 ግማሽ 1,100 ነውና፣ ከራሴ 800 ላይ 300 ይጨመርልኛል ማለት ነው። ይህ ጭማሪ የሚመጣው ግን ባለቤቴ የራሱን ከጠየቀ በኋላ ነው፤ እኔም ሙሉ ዕድሜዬ ሳይደርስ ከወሰድኩት ይቀነሳል።

የሰፈር ምክር ሰምተን ሁለታችንም አሁን ብንጠይቅ፣ እርሱ ከ2,200 ወርዶ 1,760 ያገኛል። እኔ ከ800 ወርጄ 560 ያህል፣ ከጭማሪውም 195 ያህል፣ በድምሩ 755 ገደማ አገኛለሁ። ቤታችን በወር 2,515 ይገባዋል። መጥፎ ገንዘብ አይደለም። ማስሊያው ያለን ግን ሌላ ነው፦ እኔ 62 ከሞላኝ በኋላ ወዲያው ልጠይቅ፤ እርሱ 70 እስኪሞላው ይጠብቅ። በዚህ መንገድ ለጊዜው የሚገባን የእኔ 560 ብቻ ነው። እርሱ 70 ሲሞላ ግን ከሙሉ ዕድሜ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት መዘግየት 8 በመቶ ስለሚጨመርለት 2,728 ያገኛል። እኔም ያኔ 67 አልፌ ስለምሆን 300ው ሳይቀነስ ይደመርልኝና 860 ይሆናል። ድምሩ 3,588።

ልብ በሉ፤ የእርሱ መዘግየት የእኔን የትዳር አጋር አበል አንድ ሳንቲም አያሳድገውም። ግማሹ የሚታሰበው ከ2,200 እንጂ ከ2,728 አይደለም። ይኸው የትዳር አጋር አበል እኔ ራሴ ከሙሉ ዕድሜዬ በኋላ ብጠብቅም አያድግም። ብዙ ሴቶች «እርሱ ከጠበቀ የእኔም ግማሽ ያድጋል» ብለው ይጠብቃሉ፤ አያድግም። የሚያድገው ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም የመበለትነት አበል ነው።

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከባልና ሚስት አንዱ ሲሞት ሁለቱ አበሎች አብረው አይቀጥሉም፤ ትልቁ ይቀጥላል፣ ትንሹ ይቆማል። ስለዚህ ትንሹ አበል የሚከፈለው ሁለቱም በሕይወት እስካሉ ድረስ ብቻ ነው። ትልቁ ግን ከሁለቱ የመጨረሻው ሰው እስኪያልፍ ድረስ ይከፈላል። ረጅም ዕድሜ ያለውን ገንዘብ ማሳደግ፣ አጭር ዕድሜ ያለውን ደግሞ ቶሎ መውሰድ፤ ማስሊያው የሚመክረው በዚህ ምክንያት ነው። ባለቤቴ ዛሬ 1,760 መቀበል ቢጀምርና ከእኔ ቀድሞ ቢሞት፣ ሕጉ ለመበለት ያስቀመጠው ዝቅተኛ ወለል ከሙሉ አበሉ 82.5 በመቶ ስለሆነ እኔ የሚደርሰኝ 1,815 ነው። እስከ 70 ጠብቆ ቢሆን ኖሮ 2,728። በወር የ913 ዶላር ልዩነት፤ እኔ እስካለሁ ድረስ። ሚስት በዕድሜ የምታንስ ከሆነ፣ ሴትም በአማካይ ከወንድ ይልቅ ረጅም ዕድሜ ስለምትኖር፣ ይህ ገንዘብ ለስንት ዓመት ሊከፈል እንደሚችል አስቡት።

ይህን ስጽፍ እናቴን ነው የማስበው። አባቴ የመንግሥት መምህር ነበር፤ ጡረታ ወጥቶ ብዙ ሳይቆይ አረፈ። የአገራችን የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ሕግ ለሟች ሚስት ወይም ባል የሚሰጠው የሟቹን አበል 50 በመቶ ነው። እናቴ ለገሀሬ ባለው ቤታችን በዚያ ግማሽ ኖረች። ጡረታ ለመቀበል የምትሰለፍበትን ቀን አስታውሳለሁ፤ የታጠበና የተተኮሰ ነጠላዋን ለብሳ ማልዳ ትወጣለች፤ ስትመለስ ገንዘቡን መሶቡ ሥር በሦስት ቦታ ለይታ ታስቀምጠዋለች፤ የእህል፣ የውኃና መብራት፣ የእድር። ለራስዋ የሚሆን አራተኛ ቦታ አልነበረውም። አባቴም ሆነ እርስዋ የሚመርጡት ጊዜ አልተሰጣቸውም፤ እዚህ መደበኛው የጡረታ ዕድሜ 60 ነው። በአሜሪካ ሕግ ግን ምርጫ አለ፤ የተተኪው፣ ማለትም ከሟች በኋላ የሚቀረው የትዳር አጋር፣ አበልም እስከ መቶ በመቶ ይደርሳል። ምርጫ ያለው ሰው «ነገን ማን አይቶ» ብሎ ሚስቱን በትንሹ አበል ላይ ትቶ መሄድ የለበትም የምለው ለዚህ ነው።

ባለቤቴ መልሱን ሲያይ በቀላሉ አልተቀበለውም። «ሳልበላው ብሞትስ?» አለኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ማስሊያው ለዚህ የሚሰጠው ጥሩ ነገር ከመልሱ በታች ያለው ባለ ቀለም ሥዕል ነው። በአንዱ ጎን የእርሱ ዕድሜ እስከ 70፣ በሌላው ጎን የእኔ ዕድሜ ተዘርግቷል፤ ሁለቱ የሚገናኙበት ነጥብ አንድ ዕቅድ ነው፤ ዕቅዱ ከምርጡ እየራቀ በሄደ ቁጥር ቀለሙ እየተለወጠ ይሄዳል። ፀሐይዋ ከበረደች በኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጠን እርሱ ጣቱን ስክሪኑ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲያሄድ ቆየ። የእኔን ዕድሜ ሲለውጥ ቀለሙ እምብዛም አይነቃነቅም፤ የእርሱን ወደ 64 ሲጎትት ግን ቶሎ ይለወጣል። የሁለታችን ውሳኔ እኩል ክብደት እንደሌለው፣ ዋናው ሚዛን የእርሱ እንደሆነ ያስተዋለው ያኔ ነው። «ለካ የምጠብቀው ለራሴ አይደለም» አለ። እኔም አዎ አልኩት።

ብሞትስ ለሚለው ጥያቄው ደግሞ ሕጉ ራሱ መልስ አለው። ሳይጠይቅ ከሙሉ ዕድሜው በፊት ቢሞት፣ የእኔ አበል የሚነሣው ከሙሉው 2,200 ነው፤ ዛሬ ጠይቆ ቢሆን ከሚደርሰኝ 1,815 ይበልጣል። በ68 ወይም በ69 ቢሞት እስከዚያ የተጠራቀመው ጭማሪ ለእኔ ይተላለፋል። የጠበቀው ጊዜ ለመበለቲቱ አይባክንም። ከዚህ በተጨማሪ የተተኪ አበል ከራስ አበል ጋር አብሮ እንደተጠየቀ ስለማይቆጠር፣ አንዱን ቶሎ ወስዶ ሌላውን በኋላ መጠየቅ ይቻላል። ባል በሞት ለተለያቸው እህቶች ይህ በጣም ጠቃሚ ነው፤ ከ60 ዓመት ጀምሮ መጠየቅ ቢቻልም፣ ቶሎ ሲወሰድ ይቀንሳል።

ሌላው በየቡናው የሚሰማ ስጋት ገንዘቡ ሊያልቅ ነው የሚለው ነው። ስጋቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። የሶሻል ሴኩሪቲ ፈንድ ባለአደራዎች እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጡት ሪፖርት፣ የአሜሪካ ምክር ቤት ሕጉን ካላሻሻለ የጡረታና የተተኪዎች ፈንዱ ክምችት እ.ኤ.አ. በ2033 እንደሚያልቅ፣ ከዚያ በኋላ በሚሰበሰበው ቀረጥ ከአበሉ 77 በመቶውን መክፈል እንደሚቻል ገምተዋል። ይቆማል አላሉም፤ ይቀንሳል ነው ያሉት። ማስሊያው ከዚህ ዓመት ጀምሮ በዚህን ያህል በመቶ ቢቀንስስ ብሎ ለመሞከር የሚያስችል ቦታ አለው። በተጨማሪ አማራጮች ሥር ስለተቀመጠ ብዙ ሰው አያየውም። እኛ ቅነሳውን አስገብተን ስንሞክር ለእርሱ የተመከረው ጊዜ በጥቂት ወራት ቀረብ አለ እንጂ ሐሳቡ አልተገለበጠም። ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ቅነሳው ቢመጣ ቶሎ የጠየቀውንም የዘገየውንም እኩል ይነካል፣ ከትንሽ ላይ 23 በመቶ ከሚቆረጥ ደግሞ ከትልቅ ላይ ቢቆረጥ ይሻላል።

«ዶላር እየጨመረ ስለሆነ አሁን ውሰዱ» የሚሉም አሉ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ ከ100 ብር በላይ መውጣቱን ሁላችንም አየን። እዚህ ድሬዳዋ ታይዋን በሚባለው ገበያ ያለው የዶላር ዋጋም አብሮ ወጣ። ግን ይህ ለመጣደፍ ምክንያት አይሆንም። አበሉ በዶላር ነው የሚሰላው፤ በየዓመቱም በአሜሪካ የኑሮ ውድነት ልክ ይስተካከላል። ዶላር ነገም ከተወደደ፣ ነገ የሚከፈለው ትልቁ አበልም አብሮ ይወደዳል። በብር ማሰብ ለጓዳ እንጂ ለዚህ ውሳኔ አይረዳም።

አሁን የጎደለውን ልናገር። ማስሊያው የምትኖሩበትን አገር አይጠይቅም። አሜሪካ እንደምትኖሩ አድርጎ ነው የሚያሰላው፤ ለእኛ ይህ ከባድ ጉድለት ነው። ከአሜሪካ ውጭ የሚኖር፣ ሙሉ ዕድሜው ያልሞላ ተጧሪ፣ ለአሜሪካ ሶሻል ሴኩሪቲ ቀረጥ በማይከፈልበት ሥራ በወር ከ45 ሰዓት በላይ ከሠራ የዚያ ወር አበሉ ይታገዳል። የደመወዙ መጠን አይታይም፤ በወር ጥቂት ሺህ ብር ቢሆንም ያው ነው። የሚቆጠረው ሰዓቱ ነው። ማስሊያው የሚያውቀው አሜሪካ ውስጥ ያለውን፣ ሙሉ ዕድሜው ሳይሞላ የሚሠራ ተጧሪ ሲያልፈው አበሉ የሚቀነስበትን የዓመት ገቢ ገደብ ብቻ ነው።

ይህ በወሬ ያገኘሁት ነገር አይደለም፤ በር ላይ መጥቶብኛል። እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ በነርስ ረዳትነት ነበር የምሠራው። እዚህ አንድ የግል ክሊኒክ ግማሽ ቀን እየገባሁ ወጣቶቹን እንዳሠለጥን ጠየቀኝ፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ግማሽ ቀን፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ 45 ሰዓቱን በሦስተኛው ሳምንት ያልፈዋል። የሚከፍሉኝ ብር ደግሞ ሊታገድብኝ ከሚችለው 560 ዶላር ጋር አይወዳደርም። የታገዱት ወራት ሙሉ ዕድሜ ሲደርስ በተቀናሹ ስሌት ይታሰባሉ፤ ለዛሬ ወጪ ግን አይደርሱም። በሱቅና በንግድ ለሚተዳደሩ የአሜሪካ ዜጎች ደንቡ ሌላ ነው፤ በግል ሥራ የሚገኝ ትርፍ እዚህም ቢገኝ የአሜሪካ የሶሻል ሴኩሪቲ ቀረጥ አለበት፤ በኢትዮጵያና በአሜሪካ መካከል ይህን የሚያስቀር የሶሻል ሴኩሪቲ ስምምነት የለም። እንዲህ ያለ ሥራ ያላቸው የሚመዘኑት በሰዓት ሳይሆን በዓመት ገቢው ገደብ ነው። ባለቤቴ መጋላ ያለውን የወንድሙን ሱቅ በሽርክና ለመያዝ ሲያስብ ይህን አስቀድሞ ማወቁ ጠቅሞታል።

የዕድሜ ሰንጠረዡም የአሜሪካውያን አማካይ ነው። በሌላ ሰንጠረዥ መተካት ወይም የምትገምቱትን የሞት ዕድሜ ማስገባት ይቻላል፤ እኔ ግን ይህን ቁጥር በእጄ መጻፍ ከበደኝና በነበረው ተውኩት። ከባድ ሕመም ያለበት ሰው ግን መለወጥ አለበት፤ መልሱ በእጅጉ ይለያልና።

ሌላ የጎደለው፣ ማስሊያው ቤታችሁ ውስጥ ስንቅ መኖሩን አያውቅም። ባል እስከ 70 ይጠብቅ ማለት እስከዚያ የሚበላ ነገር አለ ማለት ነው። እኛ የቤት ሽያጭና 401ኬ የሚባለው በአሜሪካ በሥራ ቦታ የሚጠራቀም የጡረታ ቁጠባ አለን፤ በእርሱ ስድስቱን ዓመት እንሻገራለን። ይህ የሌለው ሰው፣ ከልጅ ወይም ከዘመድ ተበድሮ እንዲጠብቅ አልመክርም። ቶሎ መውሰድ መብት ነው። በመካከል ያለም አለ፤ እርሱ እስከ 67 ብቻ ቢጠብቅ እንኳ ለመበለት የሚተርፈው ከ1,815 ወደ 2,200 ከፍ ይላል።

አሮጌ ምክር ይዘው የሚመጡም አሉ። «መጀመሪያ የሚስትህን ግማሽ ውሰድ፣ የራስህ ይደግ» የሚለው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ሕግ ተዘግቷል፤ ከጃንዋሪ 2 ቀን 1954 በፊት ለተወለዱ ብቻ ነው የተፈቀደው። ከዚያ ወዲህ የተወለደ ሰው ለአንዱ ሲያመለክት ለሁለቱም እንዳመለከተ ይቆጠራል። በአንጻሩ ጥሩ የሆነ ለውጥ አለ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ሠርተው የአገር ቤት ጡረታ የሚያገኙ ሰዎች የአሜሪካው አበላቸው ይቀነስባቸው የነበረው ደንብ፣ በጃንዋሪ 5 ቀን 2025 በተፈረመ ሕግ ተሽሯል። ለተፋቱ ሰዎችም ማስሊያው የራሱ ምርጫ አለው፤ ትዳሩ 10 ዓመት ከቆየ በቀድሞ ባል ወይም ሚስት መዝገብ መጠየቅ ይቻላል።

ዜግነት ያልወሰዱ፣ በግሪን ካርድ ብቻ የተመለሱ ሰዎች ማስሊያውን ከመክፈታቸው በፊት ሌላ ጥያቄ መመለስ አለባቸው። ከአሜሪካ ውጭ ስድስት ወር የቆየ የውጭ ዜጋ አበሉ ሊቆም ይችላል፤ እንደ ዜግነቱና እንደ ሥራ ታሪኩ ይለያያል። የሶሻል ሴኩሪቲ አስተዳደር ድረ ገጽ ላይ ይህን የሚያጣራ መጠይቅ አለ፤ ከዚያ ጀምሩ። ሜዲኬር የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድንም ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር ከአሜሪካ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና እንደማይከፍል አትርሱ፤ ድሬዳዋ ታማችሁ የምትከፍሉት ከኪሳችሁ ነው።

እንግሊዝኛው ለእኔ አልከበደኝም፤ የጡረታ ቋንቋ ላልለመደ ሰው ግን ያስቸግራል። እንዲህ ላለው ሰው ልጅ ወይም የታመነ ዘመድ አብሮ ቢቀመጥ ይሻላል። ገንዘብ ከፍሎ ለማይታወቅ ሰው የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርን አሳልፎ መስጠት ግን በፍጹም አይገባም፤ ማስሊያው ራሱ ያልጠየቀውን ቁጥር ሌላ ሰው ለምን ይፈልገዋል?

ለአሠራሩ ከአምስት አራት ተኩል እሰጠዋለሁ። ውጭ አገር ለምንኖር ሰዎች ስላላሰበ ደግሞ ሦስት። ባለትዳሮች ለየብቻ ሳይሆን አንድ ላይ ተቀምጠው ቢከፍቱት ነው የሚጠቅማቸው፤ ጥያቄው የሁለት ሰው ነውና። የእኔ ማመልከቻ ገብቷል። የባለቤቴ 70 ዓመቱን ይጠብቃል፤ ሐሳባችንን ብንለውጥ እርሱ በፈለገው ወር መጠየቅ ይችላል። እኔም ብጸጸት እስከ 12 ወር ድረስ የተቀበልኩትን ሁሉ መልሼ ማመልከቻዬን አንድ ጊዜ ማንሣት እችላለሁ። ከክሊኒኩ ጋር የተፈራረምነው ውል ላይ ደግሞ ሥራዬ በሳምንት ሁለት ጠዋት እንዲሆን፣ በወርም ከ40 ሰዓት እንዳይበልጥ በግልጽ እንዲጻፍ አድርጌያለሁ።